ከገና በኋላ የቀጠለው ጾም

መጀመሪያ የቀዘቀዘው እጇ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ልጄ ምሕረት ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ከትምህርት ቤት በፊት ስኬቲንግ ትለማመዳለች። በረዶ ላይ የምትውል ልጅ እጇ ቢቀዘቅዝ ማን ይገረማል? ከሰፈራችን ከላንድማርክ ወደ መንሸራተቻው ሪንክ ስነዳ ጣቶቿን የመኪናው ማሞቂያ ላይ ትዘረጋለች፤ እኔም ጓንት ገዛሁላት። ቀጥሎ የወር አበባዋ ቀረ። የስኬቲንግ ኮቿ፣ ብዙ የሚለማመዱ ልጆች ላይ ያጋጥማል አለችኝ፤ አመንኳት።

በዚያው መጸው ምሕረት ጾም ያዘች። መጀመሪያ ረቡዕና ዓርብን፣ ከዚያ ጽጌን፣ ከዚያ የገናን ጾም። አሜሪካ ያደገች ልጅ የፈቃድ ጾም ጭምር ስትጾም ማየት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ከቅዳሴ በኋላ «የእኛዎቹ ፒዛ ሲሉ ያንቺዋ ጻድቅ ወጣች» ይሉኝ ነበር። እኔም ልቤ አብጦ፣ የውድድር ቀሚሷ ሲሰፋት ወገቡን አጠበብኩላት። ደግሞም ለብሔራዊው ሻምፒዮና አልፋ፣ በጁኒየር ምድብ ለሜዳሊያ ትጠበቅ ነበር። ጸሎቷ ሰመረ አልን።

ገና መጣ። ሁሉም ገደፈ። እሷ አልገደፈችም። ዶሮውን በእንጀራ ጠቀለለች፣ ወደ አፏ ወሰደች፤ በኋላ ናፕኪኗ ውስጥ አገኘሁት። «ማሚ፣ አም ፉል፣ ጠግቤያለሁ» አለችኝ። ክንዷን ያዝኩት። አጥንት ብቻ ነበር። ቆዳዋ ላይ እንደ አራስ ልጅ ያለ ስስ ጠጉር በቅሏል።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ልቧን በኢኬጂ አነሷት። የልቧ ምት ዝግ ብሏል። ደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ወርዷል። አስተኟት። ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣች።

«አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይባላል» አለችኝ። «ውፍረት ፈርቶ ራስን የማስራብ ሕመም ነው። ሰውነቷ የሚበላው ሲያጣ የልቧን ጡንቻ እየበላ ነው። በረዶ ላይ ከወጣች ልትሞት ትችላለች።»

ሻምፒዮናው ቀረባት።

ኮቿ ከውድድሩ ስትመለስ የሦስቱን ባለሜዳሊያዎች ፎቶ ይዛላት መጣች። ክፋት የላትም፤ ደስ የሚላት መስሏት ነው። ነሐስ ያገኘችውን ልጅ ምሕረት አምና ቀድማት ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም። ፎቶውን አስጠግታ የሦስቱንም ጭን ተራ በተራ አየች። «ከእኔ ይቀጥናሉ» አለች። ልጄ እንደምትሞትብኝ ያን ጊዜ አመንኩ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ምሕረት መሸሸጊያ አገኘች፤ ጾም ነው እያለች ሐኪሟ ያዘዘችላትን ወተት ትመልሳለች። ጾም ያስተማርኳት እኔ፣ በምን አፌ ልከራከራት? የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። አረጋዊ ናቸው፤ ስለ በሽታው የሰሙት ከእኔ ነው። ለብቻዋ ካናገሯት በኋላ እኔን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ጾም አይደለም» አሏት። «ቀኖናሽ መብላት ነው፤ ስቅለትም ቢሆን። እናትሽም አብራሽ ትበላለች።»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። አባ ግን መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

ዓርብ ዕለት ሁለት ብርጭቆ ወተት ቀዳሁ።

«ማሚ፣ ዓርብ እኮ ነው» አለችኝ።

ጠጣሁ። እንባዬ መጣ። ምሕረት አየችኝ። ከዚያ ብርጭቆዋን አነሳች።

በዚያ ብርጭቆ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተመልሳለች፣ ዓመታት የፈጀ የምክር ሕክምናም ወስዳለች፤ ስኬቲንጉን እስከ መጨረሻው ተወችው፣ ልቧም እስከ ዛሬ አንዳንዴ ምቱ ይዛባል፤ ግን ትበላለች፣ አንዳንድ ቀን ርቦኛል ትላለች፣ እኔም ይህን ስሰማ ሥራዬን ትቼ ላበላት እነሣለሁ።

ሐኪሟንና አባታችንን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጃችሁ ስትከሳ፣ እጇ ሲቀዘቅዝ፣ የወር አበባዋ ሲቀር የቤተ ክርስቲያን እናቶችን አታማክሩ፤ ልቧን የሚመረምር ሐኪም ፈልጉ። ልጃችሁ ስትጾም አትከልክሏት። ስትገድፍ ግን አጠገቧ ተቀምጣችሁ መዋጧን እዩ።