የምሸጠው እንጂ የማልለብሰው ማልያ

አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ባለችው ሱቄ የአንድ አንጋፋ የአትሌቲክስ ክለብ አረንጓዴ ማልያ እሸጣለሁ። ደጋፊ ይገዛል፣ ይለብሳል። አባል ግን ገዝቶ መልበስ አይፈቀድለትም። የክለቡ የጥንት ደንብ ነው፤ ማልያ ያለውን አንድ ሰው በውድድር ያልቀደመ ማልያ አይሰጠውም። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ አባል ነኝ፤ ማንንም ቀድሜ ስለማላውቅ በቱታ ሸመገልኩ።

ክለቡ በየአገሩ ባንዲራ ያሰቀሉ ሯጮች አፍርቷል። ዋንጫው ከቢሮው ተርፎ አሰልጣኛችን ቤት ቡፌ ላይ ወጥቷል፤ ባለቤታቸው ብርጭቆ ማስቀመጫ አጥተዋል። በዚህ ሁሉ ታሪክ የእኔ ድርሻ ውሃ ማቀበል ነበር።

ዘንድሮ ለምሥረታው በዓል የነባር አባላት ሩጫ ተዘጋጀ፤ ከሲኤምሲ እስከ ቦሌ። ነጋዴ ነኝና ተሰላፊውን ሁሉ እንደ ዕቃ አገላብጬ አየሁ። ተስፋ የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በዘመኑ ዓለምን ያሸነፈው ጓደኛችን። አሁን ሆዱ ቀድሞት ነው የሚገባው።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ መነሻው ላይ።

«አንተን ልቀድም።»

«ውይ፣ ሱቁን ለማን ትተህ?»

ሩጫው ሲጀመር ከነሆዱ ጥሎኝ ሄደ። ወዲያው ግን አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ አንድ ፎቶ!» ብላ አስቆመችው። ጨዋ ነው፣ እምቢ አይልም። ትንሽ እንደሮጠ የሚኒባስ ረዳት ከነተሳፋሪዎቹ ወርዶ ከበበው። እኔን ማን ያውቀኛል? ስም አለማትረፍ እንዲህ እንደሚጠቅም ማን ነግሮኝ! አንዲት እናት አቅፈውት ፈገግ እንዳለ በጎኑ አለፍኩ።

«አንተ! ቆይ እንጂ!»

«አትቸኩል፣ ፎቶ ያምርብሃል!»

ቦሌ መጨረሻው ሲታየኝ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ያ የድሮ እግሩ ተመልሶለታል። ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ደረሰ፤ ሳቄም መጣ፣ መሮጥና መሳቅ አንድ ላይ አይሆንም። ደረቴን ወርውሬ በአንዲት ክንድ ቀደምኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይቆጠርም!» አለ ለአሰልጣኙ እያለከለከ። «ሰው አስቁሞኝ ነው!»

አሰልጣኙ ቆፍጠን ብለው አዩት። «እኔ ያሠለጠንኩህ እንድትሮጥ ነው። ማልያውን አንተው አልብሰው።»

እየሳቀ አጠለቀልኝ፤ ተንኮለኛ ነውና ጭንቅላቴን በእጅጌው በኩል። እኔም እዚያው ውስጥ ሆኜ፣ ምንም ሳይታየኝ፣ እንደ ሕፃን ዘለልኩ።