አባዬ ሾርባ ያመሰገነ ጊዜ

አባቴ ጎሚስታ ነው። ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል፤ በመሃል ደግሞ ይጮሃል። ሰፈሩ «ነጎድጓድ» ብሎታል፤ እሱም አንድ ቀን ስሙን አሳፍሮት አያውቅም። የአባዬ ትልቁ ምስጋና «ምንም አይልም» ነው። ስመረቅ እንኳ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምንም አይልም» አለኝ።

ታዲያ ደም ግፊቱ አሻቀበ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መድኃኒቱን ሳያስታጉል እንዲውጥና ጨው እንዲቀንስ ከነገረችው በኋላ አንድ ሌላ ነገር ጨመረችበት። በየቀኑ ከቤተሰቡ አንድ ደግ ነገር ፈልጎ አፍ አውጥቶ ያመስግን፤ ደግ ደጉን ማየት ልብ ያሳርፋል አለችው። ግፊቱ እስከ ቀጠሮው ካልወረደ ግን ጎማ ማንሳት የለም። ጎማ የተከለከለ አባዬን ደግሞ ቤት ውስጥ ማን ይችለዋል? የምስጋናውን ነገር ግን አፍሮ ለማናችንም ትንፍሽ አላለም።

ራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገና እማዬን «ሾርባሽ ግሩም ነው» አላት። እማዬ ጭልፋውን ለቀቀችው። ጨው የሌለው ሾርባ እኮ ነው፣ የዕቃ እጣቢ ይሻላል! በነጋታው የእማዬን ወንድም ጠርቶ ጥሩ ሰው እንደሆነ ነገረው። አጎቴ የአባዬን የመኪና ማንሻ ክሪክ ተውሶ ሰብሮበት ከተኳረፉ ስንት ዘመናቸው።

አጎቴ እየሮጠ መጣና እህቱን «ሰውየው እየተሰናበተን ነው» አላት። በቃ፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። እማዬ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ አክስቴ የአባዬን ትራስ ታደላድላለች፣ አጎቴ ጭራሽ አዲስ ክሪክ ገዝቶ መጣ። አባዬ ክሪኩን ሲያይ ክው አለ። ሐኪሞቹ ለእኛ ነግረው ከእሱ የደበቁት ነገር ያለ መሰለው። በፈራ ቁጥር ያመሰግናል፣ ባመሰገነ ቁጥር እናለቅሳለን።

የቀጠሮው ዕለት ግር ብለን ተከተልነው። ግፊቱ ጭራሽ ብሶበታል። ነርሷ ግራ ገብቷት ምስጋናውን ትቶት እንደሆነ ብትጠይቀው፣ እማዬ «የምን ምስጋና?» አለች። ነገሩ ሲፍረጠረጥ ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጀርባዋን ሰጠችን። እማዬ ግን አልሳቀችም። ወደ አባዬ ዞረች፣ እኔም አሳዘነችኝ።

«ሾርባሽ ግሩም ነው ስትለኝ ልትሞት ነው ብዬ ነዋ! መቼ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አባዬ «ታዲያ ሳልሞት ልበልሽ እንጂ» አላት።

ነርሷ አንድ ቀጠሮ ጨመረችለት። ከዚያ ወዲህ እንዳንደነግጥ ብሎ ምስጋናውን በስድብ ጠቅልሎ ያመጣዋል፦ «አንቺ ነዝናዛ፣ ሾርባሽ ግሩም ነው።» ግፊቱ ወረደለት፤ መድኃኒቱ ይሁን ነዝናዛዋ፣ እኔ እንጃ። ይኸው ጎማውን እያነሳ ደንበኛውን ይቆጣል።

ትናንት ግን ደክሞት ገባና ራቱን ዝም ብሎ በላ። እማዬ ሳህኑን ሳታነሳ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ አላስችል አላት።

«ምነው፣ ዛሬ አትሞትም እንዴ?» አለችው።