ያልመለስኩት ድንጋይ

ግድግዳ ሳይ በጣቴ አንጓ ማንኳኳት ልማዴ ነው። ባንክ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ ልደርስ የገባሁበት ሰው ቤት ሳይቀር አንኳኳለሁ። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው በራሴ ቤት ሳሎን ውስጥ አንዱ ቦታ ቀለሙ ተልጧል። ባለቤቴ «ሰውዬ፣ ከወዲያ ማዶ ማን አለ ብለህ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። ማን እንዳለ ነግሬያት አላውቅም።

ከዓመታት በፊት ከሐርቡ ከተማ ከፍ ብላ ባለች መንደር አንድ መማሪያ ክፍል እንድሠራ ተቀጠርኩ። ግንበኛ ነኝ፤ ያን ጊዜ ጉልበቴም አፌም ሙሉ ነበር። ሲሚንቶው የሚበቃው ለመሠረቱና ለማዕዘኖቹ ብቻ ስለነበር የቀረው ግድግዳ የሚገነባው በጭቃ ነው። ድንጋዩን የሚያመጣው ሕዝቡ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የድርሻውን። ሥራው በዱአ ተከፈተ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። ከዚያ ጎረምሳው ሁሉ ከኮረብታው እየፈለጠ ማዕዘን ያለው፣ ጭቃ የሚይዝ ሸካራ ድንጋይ ይቆልልልኝ ጀመር።

አንድ ሽማግሌ ግን ብቻቸውን ይመጡ ነበር። ልጃቸውና ምራታቸው አረብ አገር ናቸው፤ ቤት ውስጥ የቀሩት እሳቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው ብቻ ናቸው። ድንጋይ የመፍለጥ አቅም ስለሌላቸው ታች ወንዙ ድረስ ወርደው፣ ውሃ ያለሰለሰውን ድቡልቡል ድንጋይ በጀርባቸው ተሸክመው ዳገቱን ይወጡታል። እግሬ ሥር ያወርዱና ላባቸውን በፎጣቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «የኛም ድርሻ ይግባ፣ ልጄ፤ ለልጅቱ ትምህርት ቤት ነው» ይላሉ።

ድቡልቡል ድንጋይ ለጭቃ ግንብ እንደማይሆን ማንም ግንበኛ ያውቃል። ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። ግን ያን ዳገት ወጥተው የመጡ ሽማግሌ፣ ያውም በሰው ፊት፣ «ይመልሱት» ይባላሉ? በኛ አገር እንዲህ የሚል ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው የሚባለው። ይሉኝታ ያዘኝ። «አላህ ይስጥልኝ፣ አባባ» ብዬ ተቀበልኩ። ወደ ጎን እንዳልጥለው ደግሞ፣ ድንጋያቸው የት እንደሚገባ ለማየት ቆመው ይጠብቃሉ። ድንጋዮቹን በበሩና በመስኮቱ መካከል ደረደርኳቸውና በላያቸው ወፍራም ልስን ለሰንኩ። ግድግዳው ሲያዩት ያምር ነበር። ምርቃት ጠግቤ ደሴ ገባሁ።

በሁለተኛው ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀናት ሳያባራ ጣለ። አንድ ማለዳ በበሩና በመስኮቱ መካከል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ተዘረገፈ። የክፍሉ በር ገና አልተከፈተም ነበር። ከሌሎቹ ቀድማ የደረሰች አንዲት ልጅ ግን ዝናቡን ለመጠለል ግድግዳውን ተጠግታ ቆማ ነበር። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ናት።

ለቅሶ ደረስኩ። ሰው ሁሉ «ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው» ይላል፤ የሚወቀሰው ዝናቡ ነው። ወደ እኔ ዞሮ ያየ አንድም ሰው የለም። ሽማግሌው እጄን ይዘው «አንተም ደክመህበት ነበር» ሲሉኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልንገራቸው ብዬ ስንት ጊዜ ተነሳሁ። ግን ምን ብዬ? ጥፋቴን ላውጣ ብል የምነግራቸው «ልጅቱን የገደላት እርስዎ ያመጡት ድንጋይ ነው» ብዬ ነው። ዝምታዬ ለእሳቸው ማዘን ይሁን ፍርሃት ዛሬም በቅጡ አልለየሁትም። ፍርሃት ሳይሆን አይቀርም። ልጅቱ ግን አልተወችኝም። በዝናብ ቀን ግድግዳ ተጠግታ የቆመች ልጅ ካየሁ፣ ሳላውቃት እጇን ይዤ ወደ መንገዱ መሃል አወጣታለሁ። አንድ ጊዜ ደሴ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት እናት «ልጄን ሊሰርቅ!» ብላ ሰው ሰብስባብኛለች። እውነቱን ብነግራትስ ማን ያምነኛል?

አሁን የምሠራው ተገጣጣሚ ትምህርት ቤት ነው። የብረት ቋሚውና ማገሩ ኮምቦልቻ ተቆርጦና ተበስቶ ይመጣል፤ እኛ በቡሎን እናስረዋለን። ግድግዳው ከዚያው ከቦታው አፈር፣ ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት፣ በእጅ ማሽን የሚጨመቅ ጡብ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ይቆላለፋል። ጡብ ለመተኮስ እንጨት አይቃጠልም፤ ወጪውም ቀላል ነው፤ ተማሪ ሲበዛ ሌላ ክፍል ይቀጠልበታል። እኔ የወደድኩት ግን ሌላ ነገሩን ነው። እያንዳንዱ ጡብ ከማሽኑ እንደወጣ በብረት መለኪያ ይለካል። ካላለፈ ይፈርስና ወደ አፈሩ ይመለሳል። መለኪያው ይሉኝታ አያውቅም።

ዘንድሮ አሠሪዎቼ ያንን መለኪያ አስይዘው ወደዚያችው መንደር ላኩኝ። አሞኛል ብዬ ልቀር ነበር፤ ባለቤቴ ሻንጣዬን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ስደርስ የድሮው ክፍል በነበረበት ቦታ ድቡልቡሎቹ ድንጋዮች ተከምረው አገኘኋቸው። ዝናብ ጭቃቸውን አጥቦት ነጥተዋል። ሸካራውን ድንጋይ ሰው ለአጥሩና ለቤቱ ወስዶታል፤ እነዚያን ግን የነካቸው የለም። ሽማግሌው በሕይወት አሉ። በየቀኑ ክምሩ ላይ ተቀምጠው ሥራችንን ያያሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው እሠራለሁ፤ ጀርባዬ ግን ያያቸዋል።

በአራተኛው ቀን ተነስተው ወደ ማሽኑ መጡ። «እኔም የድርሻዬን ልጭመቅ» አሉ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አፈሩን ማሽኑ ውስጥ ሞሉ፤ መጫኛው ዘንግ ላይ እንደመንጠልጠል ብለው በቀረቻቸው ጉልበት ተጫኑት። ጡቡ ወጣ፤ ለካሁት። አላለፈም።

«ተወው እንግዲህ፣ አንድ ጡብ ነው» አለ ከኋላዬ አንዱ።

ያ የድሮው መሸማቀቅ እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ፤ «አላህ ይስጥልኝ» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ አይሆንም» አልኩ።

ሽማግሌው ጡቡን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ያን ጊዜም እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ወላሂ፣ በጀርባዬ የተሸከምኩትን ድንጋይ አጣዋለሁ? ከልጅቱ ላይ ያነሳሁት እኔ አይደለሁም?»

ጡቡን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ፈረፈሩት። አፈሩን መልሰው ሞሉና እንደገና ዘንጉን ተጫኑ። ሁለተኛው ጡብ ወጣ። እንባዬን እየጠረግሁ ለካሁት። እሱም አላለፈም። ነገርኳቸው።