የአባዬ ሁለተኛ ጠርሙስ

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት... መርከባችን ቶሮንቶ ወደብ ላይ ቆማለች፤ እማዬ ሻንጣዋን ቆልፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ቤቴ አስገባኝ» አለችኝ። «የቀረውን ጉዞ አልፈልግም።»

ቆይ ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ። አባዬ፣ አቶ ግዛው፣ ሃያ ምናምን ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ለራሱና ለእማዬ ክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር፣ ቡክ አደረገ። ያውም ባክ ቱ ባክ! አንድ ሳምንት ሀይቁን ዞሮ ቶሮንቶ መመለስ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ለሌላ ሳምንት መነሳት። ደንቡን እንደ ዳዊት ነበር የደገመው። በያንዳንዱ ጉዞ ለአንድ ክፍል አንድ የራስን ወይን ማስገባት እንደሚቻል ሲያነብ፣ ሮጦ ሁለት ቀይ ወይን ገዛ። አንገታቸው ላይ ፕላስተር ለጥፎ በዚያ በወፍራም እጅ ጽሑፉ «1» እና «2» ብሎ ጻፈባቸው።

«አንደኛውን ሰው ቢመጣም እንጋብዛለን» አላት። «ሁለተኛው ግን የኔና ያንቺ ብቻ ነው።»

ጥር ላይ ልቡ ቀጥ አለ። አልሰነበተም።

ከዚያ ወዲህ እማዬ አልጋዋ ላይ ተኝታ አታውቅም። ቶሮንቶ ዳር፣ ስካርቦሮ ያለው አፓርትመንታችን ሳሎን፣ ሶፋው ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የከረመችው። የአባዬን ቦታ በኔ አስቀይሬ፣ ለምኜ አስለምኜ ነው መርከብ ላይ ያወጣኋት።

እዚያ ደግሞ ያላሰብኩት ጉድ ገጠመኝ። ፈረንጅ ሰውን በአባቱ ስም አይደል የሚጠራው? ጠዋት ቁርስ ላይ «ጉድ ሞርኒንግ ሚስተር ግዛው!» ይሉኛል። እማዬ በጠሩኝ ቁጥር ወደ በሩ ዞር ትላለች። አንጀቴን በላችው። «እባካችሁ በስሜ ጥሩኝ» ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ ይላሉ፣ በነጋታው ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን አንደኛውን ወይን ከፍቼ ቀዳሁላት። ብርጭቆውን ወደኔ መለሰችው።

«አባትህ ሳይቀምስ ቀድቶልኝ ያውቃል?»

እውነቷን ነው። አባዬ ጠጅም ይሁን ጠላ፣ እንደ ድሮ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለማንም አይቀዳም ነበር። እኔም መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩላት፤ ጠጣች። እንዲያውም «አያያዝህ ራሱ አያምርም» ብላ ሳቀችብኝ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የዚያን ቀን ነው ያየኋት።

«ሁለተኛውን ግን አንተ አትቀምሰውም» አለችኝ። «እሱ ካልቀመሰው አልጠጣውም።»

ጠርሙሱን መልሼ ከደንኩት።

እንግዲህ ያ ሁለተኛው ጠርሙስ ቤት ነው የቀረው፤ ቶሮንቶ ስንመለስ ልናመጣው። ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ አስገባኝ ስትለኝ ደነገጥኩ። አንዴ ከገባች ያ ሶፋ እንደማይለቃት አውቃለሁ።

«እሺ፣ መጀመሪያ ወይኑን ላምጣ፣ ከዚያ እንወስናለን» ብዬ ሸወድኳትና ኡበር ታክሲ ያዝኩ።

ቤት ገብቼ ቡፌውን ከፈትኩ። ጠርሙሱ የለም። አቧራው ላይ የተቀመጠበት ክብ ምልክት ብቻ አለ። ቡፌውን በሙሉ አገላበጥኩ፣ ኪችኑን ፈተሽኩ... የለም። የቤቱ ቁልፍ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው፤ የኔም የእማዬም እኔ ኪስ ውስጥ ናቸው።

ባዶ እጄን ብሄድ ጉዞው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ... አትፍረዱብኝ... ከሊከር ስቶር፣ ከመጠጥ መሸጫው፣ ያንኑ ዓይነት ወይን ገዛሁ። ፕላስተር ለጥፌ የአባዬን እጅ ጽሑፍ አስመስዬ «2» ጻፍኩበት።

መርከቧ መግቢያ ላይ ሴኩሪቲው ቦርሳዬን ስካን አድርጎ ጠርሙሱን አወጣው።

«ይቅርታ ሚስተር ግዛው፣ ለአንድ ክፍል አንድ ነው። የናንተ ገብቷል።»

«አልገባም። የኛ ይሄ ነው» አልኩት።

የተመዘገበበትን ወረቀት አዙሮ አሳየኝ። የክፍላችን ቁጥር፣ ሚስተር ግዛው፣ አንድ ቀይ ወይን። ሰዓቱን አየሁት... እኔ ስካርቦሮ ቡፌ ሳገላብጥ የነበረበት ሰዓት ነው።

«ማነው ያስገባው?»

«እኔ ሺፍት የገባሁት አሁን ነው። ያው፣ አንተ ነህ ይላል» አለኝ።

የገዛሁትን ጠርሙስ እዚያው ትቼለት ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። በሩን ስከፍት የእማዬ ሻንጣ ተፈትቷል፣ ልብሷ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆና ጠርሙስ አለ። ፕላስተሩ ላይ «2»... እኔ አስመስዬ የጻፍኩት ሳይሆን ራሱ የአባዬ እጅ። ቡሹ ወጥቷል። ወይኑ ከአፉ ትንሽ ጎደል ብሏል፤ መዳፍ ላይ ጠብ የምትል ያህል።

«እማዬ... ይሄን ማን አመጣው?»

«እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ ስነቃ እዚሁ ነው ያገኘሁት። አንተ አይደለህም እንዴ?»

ፊቴን አየችና ገባት። ጠርሙሱን ብድግ አድርጋ ጉድለቷን በጣቷ ለካች። አልደነገጠችም፣ አላለቀሰችም።

«ቀምሶታል» አለች። «በል ቅዳልኝ።»

ቀዳሁላት። መርከቧ ጥሩምባዋን ነፍታ ወደቡን ስትለቅ ብርጭቆዋን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ የክፍላችን ሶፋ ላይ ያደረችው እማዬ የዚያን ቀን አልጋ ላይ ተኛች፤ ቤት ከተመለስን በኋላም ሶፋው ላይ አልተኛችም።

እሷ ራሷ ሄዳ አምጥታው ነው እንዳትሉኝ፤ ኡበር መጥራት አታውቅም፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነበር። እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

አሁን ግን «ሚስተር ግዛው» ብሎ የጠራኝ ካለ፣ አቤት ከማለቴ በፊት ኋላዬን አያለሁ።