የሰባት ቁጥሩ ጋቢ

ሞንትሪያል ፉትቦል የሚጫወተው ልጄ ለዕረፍት ካልጋሪ መጥቶ ጉልበቱን ሲያሽ፣ የቅባቱ ሽታ ወደ ዘጠናዎቹ፣ በልጅነቴ ከአባዬ ጋር ወደምሄድበት የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም መለሰኝ።

ታክሲ ነጂው አባዬ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን የድሮ ተጫዋቾች እንደ ዘመድ ያነሳቸው ነበር። ያኔ የሚጫወተውን ሰባት ቁጥርን ግን ሲያደንቅ እኔን እንኳ እንደዚያ አድንቆኝ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ በረዶ እየጣለ ሰባት ቁጥር ተጎድቶ ከፊታችን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አባዬ አብረን የለበስነውን ጋቢ ከላዬ ገፎ አለበሰው።

"አይዞህ ልጄ!" አለው፣ በአማርኛ።

"እኔስ አባዬ? በረደኝ እኮ!"

"አንቺማ አባትሽ አጠገብሽ ነው። የሱ አባት ግን ከዚህ ሩቅ፣ ሃሊፋክስ ነው።"

ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ምነው የኔም አባት ሃሊፋክስ በሆነ አልኩ።

"ሞንትሪያል ስጎዳ የጓደኛዬ እናት ጃኬቷን አለበሰችኝ" አለኝ አሁን ልጄ፣ ጉልበቱን እያሸ። "በጣም ናይስ ናት።"

"ትባረክ" አልኩ፤ ከአፌ እንጂ ከሆዴ አልነበረም።