የቅዳሜው ቱቦ

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ እርድ የነካው ነጭ ሳህን ስትፈትግ ቆይታ፣ «አያቴ፣ ዘይቱ ለቆ ቢጫው ለምን እምቢ አለ?» አለችኝ። ድሮ ኬሚስትሪ እንደተማረች አሮጊት፣ ከተጠየቅሁት በላይ ለፈለፍኩ። ስለ ዳንኤል ግን አልነገርኳትም።

በደርግ ዘመን እኔና ዳንኤል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን፤ ሁለታችንም የጉለሌ ልጆች። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ፣ ጥብስ በቆሎ እየተካፈልን ዳገቱን አብረን እንወጣ ነበር። እወደው ነበር፤ አልነገርኩትም እንጂ።

የላቦራቶሪ ሥራችን የቅጠል ቀለም መለየት ነበር። የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት እንሞላና የተወቀጠ የጎመን ቅጠል ጭማቂ ከላይ እናፈስበታለን። ከዚያ ነዳጅ ነዳጅ የሚሸት ፈሳሽ ጠብ ጠብ ስናደርግበት፣ ቢጫው ዱቄቱን ብዙም ስለማይዝ ቀድሞ ይወርዳል። አረንጓዴው ግን ሙጭጭ ይላል፤ ይለቅና ዝቅ ብሎ እንደገና ይይዛል። ቱቦው ከደረቀ ዱቄቱ ይሰነጠቃል፣ ልፋታችንም ገደል ይገባል። ስለዚህ አንዳችን አጠገቡ መቀመጥ ነበረብን።

ይህ ለዳንኤል መሸሸጊያ ሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የውይይት ክበብ አለ፤ መጨረሻው ላይ ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ይላል። ዳንኤል ጴንጤ ነበር። ከሁሉም በላይ እግዚአብሔር ነው ብሎ ያንን አይልም። እኛም ቅዳሜ ሲሆን ቀለሙን ቶሎ የማያወርደውን ደካማ ፈሳሽ እየመረጥን አረንጓዴውን እናዘገየው ነበር፤ እኔ ስብሰባ፣ እሱ ጥበቃ። መምህራችንም እያወቁ ዝም አሉ።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ አረንጓዴው ወርዶ አልቋል። ዳንኤል ኃይለኛውን ፈሳሽ ጨምሮበታል።

«ምን ነካህ? ዛሬ ስብሰባ መሆኑን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። መደበቅ ሰለቸኝ፣ በቃ።»

«ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ በሞቴ!»

«አንቺ ደግሞ! ከንፈሬስ የማን ሆነና?» ብሎ ሳቀ።

አዳራሹ ውስጥ ካድሬው አየው። ለብቻው አስነስቶ መፈክሩን እንዲያሰማ አዘዘው። ዳንኤል እጁን ሳያነሳ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያው ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ብቻዬን ወጥቼ እነሱ ቤት ሄድኩ። እናቱ እማማ አስካለ በር ላይ ነበሩ።

«ዛሬም ያ ቱቦ አላልቅ ብሎት ነው?» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

ከዓመታት በኋላ ሲፈታ ወደ ትምህርቱ አልመለሱትም። ክፍለ ሀገር ወርዶ ደርጉ ሳይወድቅ እዚያው አረፈ። ዛሬ እሁድ እሁድ የእነ ዳንኤል ቤተ ክርስቲያን መዝሙር በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል፤ ጎረቤቶቼ በጩኸቱ ይማረራሉ። እኔን ግን እሱ ይህን ሳይሰማ መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል።