ጎንደር መሐል የቆመችው የባሕር ጀልባ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አለቃዬ ወደ ዓሣ ሀብት ቢሮው ጓሮ ወስደው አዲስ የሞተር ጀልባ አሳዩኝ። የተቀጠርኩት የሞተር ቴክኒሻን ሆኜ ነው። ጀልባዋ ጎንደር ከተማ መሐል ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ ውስጧ የዘበኛው ዶሮዎች ተኝተዋል።

«ዓለም አቀፍ የባሕር ሕይወት ጥበቃ ፕሮግራም ነው የሰጠን» አሉኝ።

ባሕር ለሌለን ሰዎች እንዴት ደረሰን ብዬ ጠየቅሁ።

«ጣና ወደ አባይ፣ አባይ ወደ ባሕር! የባሕሩ ምንጭ እኛ ነን» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። እውነት ለመናገር ስህተት አላገኘሁበትም።

ሥልጠናም መጣ። የባሕር ኤሊ ከመረብ እንዴት እንደሚላቀቅ በጨርቅ ኤሊ ተለማመድን። ቆላ ድባ አካባቢ፣ የአካባቢው ወንዝ ጣና የሚገባበት አፍ ላይ፣ የዓሣ ነባሪ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ተከልን። አንድ ገበሬ ሥዕሉን ዞሮ ዞሮ አየና «ምነው ጌታው፣ ይኸ ፍጥረት ሽምብራችንን ይነካል እንዴ?» አለኝ።

የሐይቁ ዓሣ ችግር ግን ቀልድ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ወደ ወንዙ ይወጣል። ያኔ አስጋሪዎች ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በመረብ ዘግተው እንቁላል የያዘውን ሁሉ ይለቅሙታል። የዚያ አካባቢ እድር ዳኛ አያ ዘለቀ ራሳቸው አስጋሪ ናቸው። «በዚህ ከቀጠለ ልጆቻችን ዓሣ የሚያዩት በሰሌዳችሁ ላይ ብቻ ነው» አሉኝ። ጀልባዋ የመጣችው ያንን ቦታ ልትጠብቅ ነበር።

አለቃዬ ግን «ታርጋ የሌለው ማኪና ከግቢ አይወጣም» አሉ።

«ጀልባ ናት እኮ፣ ጋሼ።»

«ሞተር አላት?»

«አላት።»

«እንግዲያው ታርጋ ያስፈልጋታል።»

ታርጋ የሚሰጡት ደግሞ ጎማዋን ሳናይ አይሆንም አሉ። እኔም ሞተሯን በርሜል ውሃ ውስጥ እያስነሳሁ አጠፋ ነበር። በገንኩ።

አያ ዘለቀ መጠበቅ ሰለቻቸው። እድሩን ሰብስበው ደነገጉ፦ በክረምት ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋም ሆነ ከዚያ ዓሣ የገዛ፣ ለቅሶው ላይ ማንም አይቀመጥለትም። ከአንድ ድብቅ አስጋሪ በቀር ሁሉም መረቡን አነሣ።

በዚያው ሰሞን የፕሮግራሙ እንግዶች መጡ። አለቃዬ ለምሳቸው ከዚያ ድብቅ አስጋሪ ዓሣ አስገዙ። እንግዶቹ እንቁላሉን ጭምር አጣጥመው በሉና የዋና ጃኬት ለብሰው ጓሮ በቆመችው ጀልባ ውስጥ ፎቶ ተነሡ።

አለቃዬ የዚያው አገር ልጅ፣ የዚያው እድር አባል ናቸው፤ የምሳው ወሬም እድሩ ጆሮ ደረሰ። ብዙ ሳይቆይ እናታቸው አረፉ። እድሩ «እሳቸው ምን አጠፉ?» ብሎ እናቲቱን በወግ ቀበረ። ከቀብር መልስ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

እኔ ስደርስ አለቃዬ ሰፊ ድንኳን ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አንጀቴን በሉት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አንተስ አትፈራም?» አሉኝ።

«እኔ የእድሩ አባል አይደለሁም።»

አለቃዬ ወደ እድሩ ሽማግሌ ላኩ። አያ ዘለቀ «ሸጋ፣ ታርቀናል። ካሣው ጀልባዋ ናት» አሉ። አለቃዬ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሆነው ስልክ ደወሉ፤ ጀልባዋ በጭነት መኪና ከጎንደር ወጣች። አመሻሹ ላይ ጎረቤቱ ድንኳኑን ሞላው፤ አለቃዬም ያን ጊዜ እናታቸውን አለቀሱ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ሕግ ስታወጡ፣ አጥፊው የሚያፍረው ማንን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።